የበሩ ውሻ

አሸዋ ሰፈር ውስጥ፣ ከልብስ ሰፊው ጎን፣
የሬድዋን ጌም ቤት፣ አራት ቴሌቪዥን፣
አንድ ማራገቢያ አንገቱ የዞረ፣
ነፋሱን በሙሉ ለሬድዋን የቸረ።
ቀትር ላይ ድሬዳዋ ሱቋን ስትዘጋ፣
ሹፌሩ ከኒም ስር ባጃጁ ውስጥ ሲዘረጋ፣
እኛ ግን በላብ መዳፍ፣ አሥር ብር ለግማሽ ሰዓት፣
እንሮጥ ነበረ ወደ ውጊያው ቤት።

መጀመሪያው ዙር ላይ፣ ከድልድዩ መሀል፣
ባለ አንድ ቀንድ ብረት ለባሽ ቆሞ ይጠብቃል።
አርባ አንድ ጊዜ ገደለኝ፤ ሂቦ ቆጥራለች፣
ከበሩ ጀርባ በኖራ እያሰመረች፣
አራቱን ቀጥ አድርጋ፣ በአምስተኛው እየሰረዘች።
ጎራዴው ሲነሳ ዓይኔን እጨፍናለሁ፤
ስገልጠው ሞቻለሁ።
«ሞተሃል» ይላል መስታወቱ በቀይ።
«ሞተሃል፣ ተነሳ» ይላል ሬድዋን፣ የእጅ ሰዓቱን ሲያይ።

በአርባ ሁለተኛው ወደቀ።
ቤቱ በፉጨት ተናወጠ፣ ወንበር ተሰበረ፣ ሰው ተጨናነቀ፤
አው ሸሪፍ የስፌት መኪናውን አቆመና፣
«ማን ወለደች?» አለን፣ በመስኮት አጮለቀና።

ጨዋታው አለቀ ስል፣ አላለቀም ነበር፤
«ዳግመኛ?» የሚል ጽሑፍ መጣ ከጥቁሩ ዳር።
ያው ድልድይ፣ ያው ጭጋግ፣ ያው አንድ ቀንድ፤
ክንዱ ብቻ ከብዷል፤ ድሮ በሦስት ምት የሚጥለኝ፣ አሁን በአንድ።
ከበደ ይላሉ። እኔን ግን ቀለለኝ፤
ትከሻው ዝቅ ሲል፣ ጎራዴው ሳይመዘዝ፣ ሐሳቡን ነገረኝ።
ስድስቴ ሞቼ አለፍኩ።

ሦስተኛው ላይማ እንደ ንጉሥ ገባሁ፣
የሁለት ዙር ዘረፋ፣ ጦር፣ ጋሻ፣ ቀለበት ተሸክሜ መጣሁ።
ከበሩ ስር አንዲት ውሻ አለች፣ ጎድኗ የሚቆጠር፣
ጀማሪ ዱላ የሚለማመድባት፣ ስም እንኳ የሌላት ፍጡር።
በአርባ አንዱ ሞት ውስጥ እሷ የለችበትም።
ስልኬን እያየሁ፣ በአንድ እጄ፣ ቀና ብዬም አላየኋትም፤
ጉሮሮዬን ይዛ ጣለችኝ።
ቤቱ ሳቀ፣ ግድግዳው ሳቀ። ሂቦ ግን ኖራዋን አንስታ፣
ከዚያ ሁሉ ሰረዝ ራቅ አድርጋ፣ አንዱን ብቻውን አስምራ ትታ፣
«ይሄ አንዱ ይበልጣል» አለች፣ «ከአርባ አንዱ።»

ወደ ቤት ስመለስ ደቻቱን ተሻገርኩ።
በጋውን ሙሉ አሸዋ ነው፤ ኳስ እንራገጥበታለን፣
ጎሉን በድንጋይ እናበጃለን፤
አባቴ «ወንዝ ነው» ሲል፣ «የቱ?» እለው ነበር፣ እየሳቅኩ።
አንድ ነሐሴ ሌሊት፣ ድሬ ላይ ጠብታ ሳይወርድ፣
ደጋ ላይ የዘነበው መጣ፣ ከድንጋይ ጋር ሲንጎዳጎድ፤
ጎላችንን ወሰደ፤ የጎረቤት አጥርና ሦስት ፍየል ወሰደ፤
ንጋት ላይ ደግሞ አሸዋ ነው፣ ምንም እንዳልነካ፣ እንዳልሄደ።

ሰባተኛው ዙር ጣሪያው ነው ይላሉ፤
ከዚያ ወዲያ አይከብድም፣ ጠላቶቹ ያው ናቸው፣ እንዳሉ።
እዚያ ደረስኩ አንድ ቀን፣ ከስንት ብር በኋላ፤
እጄ ለብቻው ይዋጋል፣ እኔ ሳስብ ሌላ።
ያን ማታ ጆይስቲኩን ለሂቦ ሰጠኋት።
ነክታው አታውቅም፤ ገንዘብም፣ ተራም አልነበራት።
ሁለት ዓመት ከኋላችን ቆማ ስትቆጥር፣
የእኔን ሞት ሁሉ በዓይኗ ሞታው ነበር።
ከውሻዋ ፊት ቆመች፣ ጋሻዋን አንስታ፣
እንደ ትልቅ ጠላት አከበረቻት፣ ጠብቃ፣ አንዴ ብቻ መትታ።
ድልድዩ ላይ ደረሰች። ብረት ለባሹ ትከሻውን ዝቅ ሲያደርግ

መብራት ሄደ።

ማራገቢያው አንገቱን እንዳዞረ ቆመ።
«ይሄኛውን ማንም አላለፈው» አለ ሬድዋን፣ ወንበሩ ላይ እየተጋደመ።
ከሂቦ እጅ ግን ድምፅ ነበር፤ ቀጭ… ቀጭ ቀጭ… ቀጭ፤
ወደ ግራ ሸሸች፣ ዝቅ አለች፣ መከተች፣
በጠፋው መስታወት ላይ ገና እየተዋጋች።

«ስንቴ ሞትሽ?» አልኳት።
«አሁን ቆጣሪው አንተ ነህ» አለች፣ ቀና ሳትል።

በጨለማ፣ ከበሩ ስር፣ ኖራውን ዳበስኩ።